ከሰባተኛው ኢኒንግ በኋላ ማን ይወርውር? የቡልፔን ጥያቄዎችና መልሶች

የአሜሪካ ቤዝቦል የውድድር ዓመት ተዘግቶ ቡድኖች ለቀጣዩ በሚዘጋጁበት በዚህ ወቅት፣ ከአንባቢያን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ቡልፔንን የሚመለከቱ ናቸው፤ ጨዋታውን የከፈተው ወርዋሪ ሲደክም ተቀይረው የሚገቡትን ወርዋሪዎች ማለት ነው። ኢኒንግ የምለው ደግሞ ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበትን ዙር ነው፤ አንድ ጨዋታ በመደበኛው ዘጠኝ አለው። ስድስቱን መርጬ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቡድኔ ዘንድሮ እየመራ ወደ መጨረሻው ኢኒንግ ገብቶ ብዙ ጊዜ ተሸንፏል። በውድ ዋጋ ታዋቂ ክሎዘር (መሪነቱን ጠብቆ ጨዋታውን የሚዘጋ ወርዋሪ) ቢያስፈርም ችግሩ አይፈታም ወይ?

መልስ፦ ሊፈታ ይችላል፤ ነገር ግን ገንዘቡ በእኔ እጅ ቢሆን መጀመሪያ የምገዛው ክሎዘር አይደለም። ኒውዮርክ ሜትስ በኖቬምበር 2022 ክሎዘሩን ኤድዊን ዲያዝን በ5 ዓመት 102 ሚሊዮን ዶላር ሲያስፈርም፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ለተቀያሪ ወርዋሪ ያን ያህል የከፈለ ቡድን አልነበረም። በማርች 2023 ግን ዲያዝ በወርልድ ቤዝቦል ክላሲክ (በብሔራዊ ቡድኖች ውድድር) ለፖርቶ ሪኮ ጨዋታውን ዘግቶ ከጓደኞቹ ጋር እየዘለለ ሲደሰት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ የዚያ ዓመት ውድድርም ሙሉ በሙሉ አመለጠው። ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ደግሞ በጃንዋሪ 2025 ታነር ስኮትን በ4 ዓመት 72 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ስኮት በዚያው ዓመት የተረከበውን መሪነት 10 ጊዜ አስነጠቀ፤ ከመደበኛው ውድድር በኋላ በነበሩት የዋንጫ ጨዋታዎችም አንድ ኳስ እንኳ አልወረወረም። ዶጀርስ የወርልድ ሲሪስን (የዓመቱን የፍጻሜ ግጥሚያዎች) ዋንጫ ያነሳው፣ ስድስተኛውን ጨዋታ የከፈተውን ዮሺኖቡ ያማሞቶን በማግስቱ በሰባተኛው ጨዋታ ተቀያሪ አድርጎ በማስገባት ነው። እንዲህ ያለ መውጫ ያለው፣ ጨዋታ የሚከፍቱ ጥሩ ጥሩ ወርዋሪዎች የተትረፈረፉለት ቡድን ብቻ ነው። የእርስዎ ቡድን እንደዚያ ካልሆነ፣ ለአንድ ስም የሚወጣው ገንዘብ ለሦስት ደኅና ወርዋሪዎች ቢከፋፈል ይሻላል፤ ምክንያቱም የተጋጣሚው ኃይለኛ መቺዎች ዘጠነኛውን ኢኒንግ ጠብቀው አይመጡም፤ ብዙ ጊዜ ጨዋታው የሚያመልጠው በሰባተኛው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በነፃ ዝውውር ከቀረቡት ወርዋሪዎች መካከል ስመርጥ የትኛውን ቁጥር ልመን?

መልስ፦ ያለፈውን ዓመት ኢ.አር.ኤ.፣ ማለትም ወርዋሪው በ9 ኢኒንግ በአማካይ የሚቆጠርበትን ነጥብ፣ በመጨረሻ ይመልከቱ። ተቀያሪ ወርዋሪ በዓመት የሚወረውረው 60 ኢኒንግ ገደማ ነው። በ60 ኢኒንግ 20 ነጥብ የተቆጠረበት ወርዋሪ ኢ.አር.ኤ.ው 3.00 ይሆናል። ይኸው ሰው በአንድ ክፉ ምሽት ገብቶ አንድም መቺ ሳያስወጣ አምስት ነጥብ ቢቆጠርበት ቁጥሩ 3.75 ይደርሳል፤ በአንድ ምሽት ስመ ጥሩው ወርዋሪ መካከለኛ ተባለ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት እኔ የማየው ከገጠማቸው መቺዎች ስንቱን በስትራይክአውት (ኳሱን ወደ ሜዳ ሳያስመታ) እንዳሰናበተ፣ ስንቱን በተሳሳተ ውርወራ በነፃ ወደ ቤዝ (መቺው ሮጦ ወደሚደርስበት ጣቢያ) እንደላከ፣ የኳሱ ፍጥነትም በኦገስትና በሴፕቴምበር እንደ ኤፕሪሉ እንደነበረ ነው። ፍጥነቱ በዓመቱ መጨረሻ የወረደ ወርዋሪ ክርኑ ወይም ትከሻው አንድ ነገር እየነገረው ሊሆን ይችላል። ሌላው ብዙ ሰው የማይጠይቀው ጉዳይ፣ ስልክ ተደውሎለት ተነሥቶ ካሟሟቀ በኋላ ሳይገባ የተቀመጠባቸው ቀናት ብዛት ነው። እነዚያ ኳሶች በመዝገቡ ላይ አይታዩም፤ ክንዱ ግን ቆጥሯቸዋል።

ጥያቄ፦ ቡድናችን ጨዋታ ከፍቶ ያልተሳካለት ወርዋሪ አለው። ወደ ቡልፔን ቢዛወር ይጠቅማል?

መልስ፦ ለእኔ ከሁሉም መንገዶች የሚጥመኝ ይህ ነው፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ዌድ ዴቪስ በ2013 ለካንሳስ ሲቲ ሮያልስ በአብዛኛው ጨዋታ ሲከፍት የዓመቱ ኢ.አር.ኤ. 5.32 ነበር። በ2014 ወደ ቡልፔን ተዛውሮ በ72 ኢኒንግ 1.00 አስመዘገበ፤ በመደበኛው ውድድር አንድም ሆምራን (ከሜዳው አጥር የሚያልፍ ምት) አልተመታበትም። ቡድኑም ከሌሎቹ ተቀያሪዎች ከኬልቪን ሄሬራና ከግሬግ ሆላንድ ጋር አጣምሮት ለወርልድ ሲሪስ ፍጻሜ ደረሰ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ዋንጫውን ወሰደ። ማሪያኖ ሪቬራም በ1995 ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር ሲጀምር ጨዋታ ከፋች ነበር፤ በኋላ 652 ሰይቭ (መሪነትን ጠብቆ የተዘጋ ጨዋታ) አስመዘገበ። ሰውየው በአንድ ዓመት የተለወጠ ያህል የሚመስለው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ 20 ኳስ ብቻ እንደሚወረውር የሚያውቅ ሰው ጉልበቱን ለስድስተኛው ኢኒንግ አይቆጥብም፤ ፍጥነቱም በሰዓት አንድ ወይም ሁለት ማይል ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ደካማውን ሦስተኛና አራተኛ የኳስ ዓይነቱን ትቶ በሁለቱ ጥሩ ኳሶች ብቻ ይሠራል። ሦስተኛና ዋነኛው፣ መቺዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ኳሱን ለምደውት የሚቀጡበት ሰዓት አይደርስበትም። የዕረፍቱ ወራት ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። ወርዋሪው በጃንዋሪ ባዶ አዳራሽ ውስጥ በፈጣን ካሜራ ፊት ቆሞ፣ መሃል ጣቱን ከኳሱ ስፌት ላይ በጥቂት ሚሊሜትር እያንሸራተተ፣ ኳሱ ወደ ጎን ምን ያህል እንደታጠፈ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ በስክሪን ያያል፤ ተመልካችም፣ የሚያስቆጭ ነጥብም የለም። ይሁን እንጂ ኳሱን ወደ ስትራይክ ክልል (መቺው ሊመታው ወደሚገባው ቦታ) ማስገባት የማይችል ሰው ቦታው ስለተቀየረ ብቻ አይድንም።

ጥያቄ፦ ሌሎች ቡድኖች የጣሉትን ወርዋሪ መሰብሰብ አያሳፍርም?

መልስ፦ የሚያሳፍረው ሳይመረምሩ መሰብሰብ ነው። ሊያም ሄንድሪክስን ኦክላንድ በጁን 2018 ከዝርዝሩ ሲያወጣው ከቀሩት 29 ቡድኖች አንዱም አላነሣውም። እዚያው ኦክላንድ ቀርቶ በ2019 የኦልስታር (የምርጥ ተጫዋቾች ጨዋታ) ተሰላፊ ሆነ፤ በጃንዋሪ 2021 ቺካጎ ዋይት ሶክስ 54 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ሰጥቶ ወሰደው። ዳንኤል ሃድሰንም በማርች 2019 ከአንድ ቡድን ተሰናብቶ፣ በቶሮንቶ በኩል አልፎ፣ ለዋሽንግተን ናሽናልስ የወርልድ ሲሪሱን የመጨረሻ መቺ ያስወጣው እሱ ነበር። በዲሴምበርና በጃንዋሪ አምስትና ስድስት እንዲህ ያሉ ወርዋሪዎችን ዋና ቡድን ውስጥ ቦታ በማያረጋግጥ አነስተኛ ውል ወደ ልምምድ መጋበዝ ብዙ ወጪ የለውም፤ ከእነሱ አንዱ ከተሳካ ሥራው ተከፍሏል።

ጥያቄ፦ ቡልፔናችን አንድም ግራኝ የለውም። ግዴታ ነው?

መልስ፦ የቀድሞውን ያህል አይደለም። ከ2020 ወዲህ ተቀይሮ የገባ ወርዋሪ ካልተጎዳ በቀር ቢያንስ ሦስት መቺዎችን መግጠም ወይም ግማሽ ኢኒንጉን መጨረስ አለበት፤ ስለዚህ አንድን ግራኝ መቺ ብቻ ገጥሞ የሚወጣ ባለሙያ ዘመኑ አልፏል። ቀኝ መቺዎችን የሚያስቸግር ግራኝ ካገኙ ይውሰዱ፤ ካላገኙ ጥሩ ቀኝ ወርዋሪ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ “ኦፕሽን ያለው ወርዋሪ” ሲባል እሰማለሁ። ለምን ይህን ያህል ይፈለጋል? የሩል ፋይቭ ምርጫስ ይረዳል?

መልስ፦ በ26 ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ ከ13 በላይ ወርዋሪ መያዝ አይፈቀድም። ኦፕሽን ያለው ወርዋሪ ለሌላ ቡድን ሳይጋለጥ ወደ ታችኛው ሊግ ሊላክ ይችላል፤ ይህም በአንድ የውድድር ዓመት እስከ አምስት ጊዜ ይፈቀዳል። ስምንት ቦታ ያለውን ቡልፔን ኦፕሽን በሌላቸው ሰዎች የሞላ ቡድን በወረቀት ላይ ጠንካራ ቢመስልም በሜይ ይቸገራል። በዲሴምበር የሚካሄደው ሩል ፋይቭ፣ ማለትም ሌሎች ቡድኖች በዝርዝራቸው ያልያዟቸው ተጫዋቾች የሚወሰዱበት ምርጫ፣ ግን ተቃራኒ ነው፦ 100,000 ዶላር ከፍለው የወሰዱትን ተጫዋች ዓመቱን ሙሉ በዋናው ዝርዝር መያዝ፣ አለዚያ ለቀድሞ ቡድኑ በግማሽ ዋጋ መልሶ ማቅረብ ግድ ይላል። ቦስተን በዲሴምበር 2020 ጋሬት ዊትሎክን ከያንኪስ በዚህ መንገድ ወስዶ በ2021 የ1.96 ኢ.አር.ኤ. ወርዋሪ አግኝቷል። እኔ አንድ ቦታ ለእንዲህ ዓይነቱ ሙከራ እሰጣለሁ፤ ቢያንስ ሦስቱን ቦታዎች ግን ኦፕሽን ላላቸው እተዋለሁ። ማክሰኞ በ11 ኢኒንግ ጨዋታ አራት ተቀያሪዎች ሲደክሙ፣ ረቡዕ ጠዋት ትኩስ ክንድ ይዞ ከታችኛው ሊግ በአውሮፕላን የሚደርሰው ከእነዚያ አንዱ ነውና።