ወተቱ አይደለም ያዳናቸው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው አቃቂ፣ ወንዙ ዳር ነው። ባለቤቴ ቆስጣና ሰላጣ ያለማል። ከ12 ቀን በፊት፣ ረቡዕ ዕለት፣ በጀርባ መርጫ የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ውሎ ገባ። ሸሚዙ ከጀርባው ርሷል፣ ላብ አጥምቆታል፣ ምራቁ ይዝረበረባል። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል። «ዓይኔ ጭጋግ ሆነብኝ» አለ። የክንዱ ሥጋ ብቻውን ይርገበገብ ነበር። ጎረቤቶች ወተት ፈልገው 2 ሊትር አጠጡት፤ አስመለሰው። እኔ ደግሞ አሜባ መስሎኝ ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል ገዝቼ ሰጠሁት። በማግስቱ ተሻለው፤ ሐኪም ቤት አልሄድንም። ቅዳሜ ሌላውን መደብ ሊረጭ ነው። ያዳነው ወተቱ ነው? ለክፉ ቀን ቤት ውስጥ ስንት ሊትር ላስቀምጥ? እኔ እስካሁን ሌሊት እየነቃሁ ትንፋሹን አዳምጣለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ልጀምር። የጠየቁኝ ስለ ወተት ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን እሱ አይደለም። ባለቤትዎ በእንቅልፋቸው ትንፋሽ አጥሯቸው እንዳይቀሩ ነው የፈሩት። ይሄ መርዝ ትንፋሽ የሚነሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ ደግሞ እስከ 4ኛው ቀን አካባቢ ሁለተኛ አደጋ አለው፣ እመለስበታለሁ። 12 ቀን ሙሉ በልተው፣ ተራምደው፣ ሥራ ውለው ከገቡ ያ ጊዜ አልፏል። ዛሬ ማታ ይተኙ።

ነገ ጠዋት ግን ሁለታችሁም ጤና ጣቢያ ትሄዳላችሁ። ምክንያቱን ልንገርዎት።

እናንተ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባዎታል። ቧንቧው ደርቆ ሳለ ሳይዘጉት ይተኛሉ። ሌሊት ውሃው ይመጣል። ሲነቁ ምንጣፉ ይዋኛል። ነርቮቻችን እጢንና ጡንቻን የሚያዙት አሴቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ ቧንቧውን ወዲያው የሚዘጋ ኢንዛይም አለ። ማላታዮን፣ ዲያዚኖን፣ ፕሮፌኖፎስ የሚባሉት የተባይ መድኃኒቶችና መሰሎቻቸው የዚህን ኢንዛይም እጅ ያስሩታል። ከዚያ ምራቁ፣ እንባው፣ ላቡ፣ ተቅማጡ፣ ሽንቱ ሁሉም ባንዴ ይለቀቃል። የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ትጠባለች፤ ጭጋግ የሆነባቸው ለዚህ ነው። ጡንቻ ደግሞ ትእዛዝ በላይ በላዩ ሲዘንብበት መጀመሪያ ይርገበገባል፣ ኋላ ይዝላል። የምንተነፍሰውም በጡንቻ ነው። በፈረንጆቹ 1995 ቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ተለቅቆ ሰው የገደለው ሳሪን የሚባል የነርቭ መርዝ የዚሁ መርዝ የሥጋ ዘመድ ነው። ባለቤትዎ በጀርባቸው ተሸክመውት የሚውሉት ዘመዱን ነው።

አሁን ወደ ወተቱ። ስለ ወተት ብዙ ልናገር ነው፣ ይታገሱኝ።

ባለቤትዎ መድኃኒቱን አልጠጡትም። መርጫው አንጠባጥቦ ሸሚዛቸውን አርሶታል። መርዙ የገባው በቆዳና በትንፋሽ ነው። ጀርባ ላይ የፈሰሰን ነገር ሆድ ውስጥ የገባ ወተት በምን በኩል ዞሮ ይይዘዋል? ቢጠጡትም ኖሮ ወተት አያረክሰውም። ማርከሻው አትሮፒን ነው፤ እሱም በደም ሥር የሚሰጠው ሐኪም ቤት ነው።

አይጠቅምም ብቻ ብዬ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ይጎዳል እንጂ። ምራቁ የሚዝረበረብ፣ ጡንቻው የዛለ ሰው በደንብ መዋጥ አይችልም። 2 ሊትር ወተት አጠጥታችሁት ሲያስመልሰው ከፊሉ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሳንባው ደግሞ አስቀድሞ በራሱ ፈሳሽ ተሞልቷል። በላዩ ወተት ተጨመረበት ማለት ነው። ጥሬ እንቁላሉም፣ ሎሚውም፣ ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ማስመለሱም ያው ነው።

ደግሞ ሰዓቱ አለ። ረቡዕ ነበር ብለውኛል። በፆም ቀን ስንት ደጅ አንኳኩታችሁ ወተቱን እንዳገኛችሁት እገምታለሁ። ያ ሁሉ ሰው ለወተት ከሚሮጥ አንዱ ባጃጅ ቢጠራ ኖሮ ባለቤትዎ አስፋልት ላይ በደረሱ ነበር። ጎረቤቶችዎን አልወቅስም፤ በፍቅር ነው የሮጡት። ግን ወተት ጠጥቶ የተረፈ ሰው «ወተት አዳነው» ይባላል፤ የሞተው ደግሞ «ወተቱ ዘግይቶበት ነው» ይባላል። በዚህ ዓይነት ወተት ተሸንፎ አያውቅም። ባለቤትዎን ያተረፋቸው የገባባቸው መርዝ ማነሱ ነው። ስለዚህ ስንት ሊትር ላሉኝ፣ ለዚህ ጉዳይ አንድ ሲኒም አያስቀምጡ።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ አንድ ወጣት ገበሬ በባጃጅ አመጡልን። አፉ አረፋ ደፍቋል፣ ደረቱ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል። አንዷ ነርስ የአትሮፒን ብልቃጥ ትሰብራለች፣ ሌላዋ በመርፌ ትስባለች፣ እኔ ደረቱን አዳምጣለሁ። በየ5 ደቂቃው መጠኑን እጥፍ እያደረግን ደረቱ እስኪደርቅ ሰጠነው። ሲነጋ ፊቱ ቀልቶ አየሩን በጣቶቹ ይለቅም ጀመር። እናቱ «ልጄን አሳበዱብኝ» ብለው አለቀሱ። ያደረገው አትሮፒኑ ነበር፤ መጠኑን ስንቀንስ ለቀቀው። በ3ኛው ቀን «ተሻለኝ፣ ልውጣ» አለ። ጭንቅላትህን ከትራሱ ቀና አድርግ አልነው። አቃተው። ቀደም ብዬ ሁለተኛ አደጋ ያልኩት ይሄ ነው፤ አንገት መጀመሪያ ይዝላል፣ ትንፋሽ ይከተላል። የመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ቆይቶ ነው የዳነው። ቤቱ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የማወራዎት።

ስለ ሜትሮኒዳዞሉም ዝም ብዬ አላልፍም። እዚህ አገር ተቅማጥ ሁሉ አሜባ ነው! አሜባ ግን ምራቅ አያዝረበርብም፣ የክንድ ሥጋ አያርገበግብም። የሸጠልዎት ሰውም «ምን ሲሠራ ዋለ?» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ የሚያስፈልጋችሁ ክኒን ሳይሆን አምቡላንስ መሆኑ ይገባው ነበር። ደግሞ 12 ቀን ቆይቶ መጻፍ ምን ይባላል? ይሄ ጥያቄ የዚያኑ ማታ ሐኪም ፊት መነሳት ነበረበት።

ቅዳሜ አይረጩም። በዚህ አልደራደርም። የታሰረው ኢንዛይም ቀስ እያለ ነው የሚተካው፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ባለፈው የቻሉት መጠን አሁን ሊጥላቸው ይችላል። መደቡን ሌላ ሰው ይርጨው፣ ካልሆነም ቆስጣውን ተባይ ይብላው። ነገ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የረጩትን ነገር ስም ይዘው ይሂዱ። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ያለ ስም፣ ያለ ጽሑፍ የተገዛ ከሆነ ሐኪሙ ምኑን አይቶ ይወቅ? ለልጅ ደግሞ ውሃ ይመስለዋል። ከእንግዲህ በራሱ ዕቃ፣ ከነጽሑፉ ይግዙ። በእነዚህ ሳምንታት እግራቸውን ቢያደነዝዛቸው ወይም ሲራመዱ ቢከዳቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ፤ ብዙ ጊዜ አይመጣም፣ ከመጣ ግን ዘግይቶ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ዳግም ከገጠማችሁ ሰውየውን ወደ ነፋሻ ቦታ አውጡት። ልብሱን አውልቁ፣ ፀጉሩንም ጥፍሩንም ሳይቀር በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት። የሚያጥበው ሰው ጓንት ከሌለው እጁን በፌስታል ይጠቅልል። በጎኑ አስተኙት፣ በአፉ ምንም አትስጡት። 907 ደውሉ፤ አምቡላንስ ከዘገየ ያገኛችሁትን መኪና አስቁሙ።

ያ ሸሚዝ አሁንም ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከሆነ ከልጆች ልብስ ይለዩት። ለብቻው፣ በሳሙና፣ ደጋግመው ይጠቡት። የቆዳ ጫማና ቀበቶ ረጥቦ ከነበረ ግን መታጠብ አያጠራውም፤ ይጣል።