ከአንጥረኛዋ ጋር፦ የባሕር አጥንት፣ የጠቆረ ብር እና የኤሊ ድንጋይ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባሕር ዳር ከተማ የምኖር ወጣት ነኝ። ብር ማቅለጥ ከአጎቴ ተምሬአለሁ። ለቱሪስት ይሆናል ብዬ የዶልፊንና የመልሕቅ ማንጠልጠያ ሠራሁ፤ የገዛኝ የለም። የሰም ማቅለጫ ምድጃም ሆነ ዘመናዊ ማሽን የለኝም። ውሃንና ባሕርን የሚያስታውስ ጌጥ ባለችኝ መሣሪያ እንዴት ልሥራ?

መልስ፦ ልጄ፣ ያልገዙህ ሰዎች እውነት አላቸው። ጣና ላይ ዶልፊን ማን አየ? ያንኑ ዶልፊን በየትኛውም የዓለም ወደብ በኪሎ ያገኙታል። በአንተ ደጅ የሚያልፈው የደንገል ታንኳ ነው፤ ገበያህ ላይ የተዘረጋው አምባዛና ቆሮሶ ነው። የአምባዛን ጢም ብቻ በቀጭን የብር ሽቦ ብትሠራው የጆሮ ጌጥ ይወጣዋል። የቆሮሶን ቅርፊት አጥበህ አድርቅና በማጉያ መነጽር ተመልከተው፤ ዓሣው እያደገ ሲሄድ የተደራረቡ ቀጫጭን ቀለበቶች ታያለህ። ከዚያ በላይ ንድፍ ማን ይሰጥሃል?

ማሽን የለኝም ላልከው መድኃኒቱ ከባሕር ይመጣል። ካትልፊሽ የሚባል፣ በአፉ ዙሪያ ብዙ እጆች ያሉት የባሕር እንስሳ አለ። በጀርባው ውስጥ ሞላላና ነጭ አጥንት ይሸከማል። እንስሳው ሲሞት አጥንቱ ተንሳፍፎ ዳር ይወጣል፤ በቀይ ባሕር ዳርቻም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች አሸዋ ላይ ይገኛል። የወፍ መኖ ነጋዴዎችም ወፍ እንዲጭረው ይሸጡታል። ጅቡቲ፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ዘመድ ካለህ ጥቂት እንዲልክልህ ጠይቀው፤ ቀላል ስለሆነ ሻንጣ አያከብድም። ትልልቁንና ወፍራሙን ይምረጥልህ።

አጥንቱ የቀለጠ ብር የሚፈስበት ሻጋታ ይሆንልሃል፤ አሠራሩ እንዲህ ነው። አጥንቱን በመሐሉ በመጋዝ ቁረጠው፤ ሁለት ቁራጭ ይሆናል። የእያንዳንዱ ቁራጭ አንዱ ፊት ጠንካራ ቅርፊት፣ ሌላው ፊት ጠመኔ የሚመስል ለስላሳ ነው። ለስላሳዎቹን ፊቶች ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ላይ አሽ። ሁለቱን አጋጥመህ ወደ ብርሃን ስታነሣቸው በመሐላቸው ብርሃን ካሳለፉ ገና ናቸው። ከዚያ ሞዴልህን፣ ማለትም ብሩ እንዲመስለው የምትፈልገውን ቅርጽ፣ በአንደኛው ላይ እስከ ግማሹ አስገባው፤ በአውራ ጣት ግፊት ብቻ ይገባል። ሞዴሉ ጠንካራ ይሁን፦ ቀንድ፣ ጠንካራ እንጨት፣ አሮጌ ማንጠልጠያ። ወደ ውስጥ የታጠፈ ቦታ ካለው ሲወጣ አጥንቱን ይቦጭቀዋል። ሦስት የክብሪት እንጨት ስባሪ በዳር በዳሩ ሰክተህ ሌላውን ቁራጭ በላዩ አምጣና እኩል ተጫነው። ስባሪዎቹ በኋላ ሁለቱን ያለ ስሕተት ያገናኙልሃል።

አሁን ሞዴሉን አውጣ። ከላይ ብሩ የሚገባበትን ሰፊ አፍ በቢላዋ ቅረጽ፤ ከቅርጹ ዳር ወደ ላይ ደግሞ አየር የሚወጣባቸውን ቀጫጭን መሥመሮች ጫር። ቀጥሎ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ፦ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ወስደህ የቅርጹን ውስጥ ቀስ ብለህ ጥረግ። አቧራው ሲወጣ የአጥንቱ መሥመሮች ጎልተው ይቀራሉ። እነዚያ መሥመሮች እንስሳው እያደገ ሲሄድ አንዱን ንብርብር በሌላው ላይ የሠራባቸው ናቸው። በንብርብሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ጋዝና ፈሳሽ እያመጣጠነ ነው በውሃ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚለው። ብርህ ሲቀዘቅዝ ይህ ሁሉ መሥመር በላዩ ታትሞ ይወጣል። ማዕበል ለመቅረጽ መከራ ማየት የለብህም፤ ማዕበሉ ሻጋታው ውስጥ አለ። ስለዚህ ሞዴልህ ለስላሳና ቀላል ቢሆን ይመረጣል። የታንኳ ቅርጽ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ መሥመሩ በጎኑ ሲያልፍ ደንገሉንም ውሃውንም ይመስልልሃል።

የብሩን መጠን በግምት አትጨርስ። ሞዴሉን በመለኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ዘፍቀው፤ ውሃው 1 ሚሊሊትር ከፍ ካለ 10.4 ግራም ያህል ብር ይፈልጋል። ለአፉ የሚሆን ግማሽ ያህል ጨምርበት። ሁለቱን ቁራጭ በብረት ሽቦ እሰራቸው፣ አሸዋ በሞላው ጣሳ ውስጥ አቁማቸው። ንጹሕ ብር በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ 925 የሚባለው ብር (ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር የሆነው) ደግሞ 900 ገደማ ላይ። ብሩን የሚያጠራውን ነጭ ዱቄት፣ ቦራክስን፣ ጥቂት ጣልበት፤ ብሩ ፊቱ ጠርቶ በማቅለጫው ውስጥ መንከባለል ሲጀምር ሳትፈራ፣ ሳታቋርጥ አፍስስ። የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ ይወጣል፤ መስኮት ክፈት። አጥንቱ እርጥበት እንዳይኖረው አደራ፤ እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ የቀለጠውን ብር ወደ ፊትህ ይመልሰዋል። መነጽር፣ የቆዳ ሽርጥ፣ የተሸፈነ ጫማ። በነጠላ ጫማ ብር የሚያፈስ ሰው ባየሁ ቁጥር ሥራ ቤቴን ጥዬ መውጣት ያምረኛል።

ሻጋታው የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ውስጡ ይከስላል። ስለዚህ ሁለት ጌጥ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ለገዢህም ይህንኑ ንገረው። ከ2 ሚሊሜትር የሳሳ ክፍል ግን አትሥራበት፤ ብሩ ሳይደርስበት ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ እኔ ከጎርጎራ ነኝ። እንቦጭ ሐይቃችንን ከወረረ ከ10 ዓመት በላይ ሆነው። ነቅለን የምንጥለውን ተክል ለጌጣጌጥ መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ሐይቁን አድናለሁ ብለህ አትጀምር። የጌጥ ሥራ የሚፈጀው እንቦጭ አንድ ጀልባ ሙሉ እንኳ አይሆንም።

ሥራው የሚሠራው ብረትን በሁለት ጥቅልል ብረቶች መካከል ጨምቆ በሚያሳልፍ መዳመጫ ማሽን ነው። ብሩን ወይም መዳቡን በእሳት አለስልሰው፣ የደረቀ ተክል አስቀምጥበት፣ በላዩ ሌላ ጠፍጣፋ ብረት ደርብና አንድ ጊዜ ብቻ በመዳመጫው አሳልፈው። ሁለተኛ ጊዜ ካለፈ ምስሉ ይደበዝዛል። ትኩስ ተክል አታስገባ፤ እንቦጭ ውሃ ስለሚበዛበት ይጨፈለቅና ማሽኑን ያዝገዋል። ለእኔ ከቅጠሉ ይልቅ ግንዱ ይበልጥብኛል፤ የቅጠሉ ጅማት ደብዛዛ ነው። ግንዱን አድርቀህ ወደ ቀጭን ክር ሰንጥቀውና አቆላልፈህ ብትዳምጠው የተጠለፈ ገመድ ያትምልሃል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። እናቴ የሰጠችኝን የብር መስቀል በአንገቴ አድርጌ ባሕር እዋኛለሁ። ጠቁሯል። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የናስ ጉትቻ ደግሞ ወደ ሮዝ ሄደ። ባሕሩ ነው ያበላሸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ባሕሩን በሁሉም አትወንጅዪው። ብር የሚያጠቁረው በአብዛኛው ድኝ ነው፦ በአየር ውስጥ፣ በላብ፣ በፀጉር ቅባት፣ በእንቁላልና በሽንኩርት ውስጥ አለ። ሙቀትና እርጥበት ሲጨመርበት ይፈጥናል፤ የምትኖሪበት ከተማ ደግሞ ሁለቱንም አትነፍግም። የባሕር ጨው የሚጎዳው ከብሩ ጋር የተቀላቀለውን መዳብና የተበየደበትን መገጣጠሚያ ነው። የመዋኛ ገንዳ ክሎሪን ከዚያም ይብሳል። የናስ ጉትቻሽ ሮዝ የሆነው ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ስለሆነ ነው፤ ጨዋማው ውሃ ዚንኩን መዝዞ አወጣና ቀዩ መዳብ ብቻውን ቀረ። ያ በማጽዳት አይመለስም።

መስቀሉ ግን ይመለሳል። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አሉሚኒየም ፎይል አንጥፊ፣ መስቀሉን ፎይሉ ላይ አስተኝው፣ አንድ ማንኪያ የመጋገሪያ ሶዳ ነስንሺበትና የፈላ ውሃ አፍስሺ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተሽ እየሠራ ነው፤ ድኙ ከብሩ ወደ አሉሚኒየሙ እየተሻገረ ነው። የጥርስ ሳሙና ግን አትንኪ፤ ይፍቃል፣ ጭረት ያስቀራል።

ከዚያ በፊት መስቀሉን በደንብ እይው። የቅርጹ ጎድጓዳ ብቻ ጥቁር፣ ከፍ ያለው ቦታ ደግሞ ነጭ ከሆነ ያ ጥቁረት የአንጥረኛው ሥራ ነው፤ ሐረጉ እንዲታይ ብሎ ሆን ብሎ የተወው ነው። ይህን ካጸዳሽው ሐረጉ ይሞታል። ዕንቁ፣ ዛጎል ወይም ሙጫ ያለበትንም ጌጥ ፈላ ውሃ ውስጥ አትክተቺ። ከአሁን በኋላ ስትዋኚ አውልቂው፤ ሰንሰለት ባሕር ውስጥ ከተበጠሰ ፈልጎ የሚያገኝልሽ የለም።

ጥያቄ፦ በጅቡቲ መስመር የምነግድ ነኝ። የኤሊ ድንጋይ አምባርና ቀይ ባሕር ውስጥ የበቀለ ኮራል በርካሽ አገኛለሁ። በብር አስጊጠው ቢሸጡልኝ ጥሩ ትርፍ አለው። ምን ይላሉ?

መልስ፦ አይሆንም፣ ወንድሜ። የኤሊ ድንጋይ የምትለው የባሕር ኤሊ ልብስ፣ ማለትም ጠንካራ የጀርባ ሽፋኑ ነው፤ ለአምባር ከሁሉም የሚፈለገው ደግሞ ሃውክስቢል የሚባለው ኤሊ ነው፤ እርሱ ደግሞ ሊጠፋ ጫፍ ላይ ከደረሱት ፍጥረታት አንዱ ነው። ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለንግድ ከአገር አገር ማሻገሩ ክልክል ነው። ጠንካራ ኮራልና ጥቁር ኮራልም በዚያው ስምምነት ያለ ፈቃድ ወረቀት አይሻገሩም። ጉምሩክ ላይ የሚወረሰው ዕቃህ ነው፤ የሚጠየቀውም ራስህ ነህ።

«ከአዱሊስ ዘመን ጀምሮ የነበረ ንግድ ነው» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። እውነት ነው፤ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ የመርከበኞች መመሪያ ከአዱሊስ ወደብ የሚጫነውን ሲዘረዝር የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ልብስ ይላል። አውራሪሱም አሁን የት እንዳለ ተመልከት።

ትርፉን ካልተውክ የበሬ ቀንድ አምጣልኝ። የኤሊ ልብስም ቀንድም የጥፍር ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ሲሞቁ ይለሰልሳሉ፣ በተጫኗቸው ቅርጽ ይቀዘቅዛሉ። ወርቃማና ቡናማ የተቀላቀለበትን ቀንድ መርጠህ፣ በስሱ ሠንጥቀህ፣ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ካለሰለስከውና በዘይት ካሸኸው ብርሃን ያሳልፋል። ዋንጫ የሚሠሩ ባለሙያዎቻችን ይህን ያውቁታል። በብር ጠርዝ ይዤ እሠራልሃለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ በአካውንቲንግ ተመረቀች፤ አሁን ግን ግቢያችን ውስጥ በከሰል የአሮጌ ቧንቧ ራስና የጥይት ቀለሃ እያቀለጠች የዓሣና የቅጠል ጉትቻ ትሠራለች። ጎረቤት «ልጅሽ ቀጥቃጭ ሆነች» ይለኛል። እኔን ደግሞ ጭሱ አስፈርቶኛል። አዲስ አበባ።

መልስ፦ እናቴ፣ የጎረቤቱን ለእኔ ይተዉት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ጎረቤትዎ ዐዋጁ ዘግይቶ ደርሷቸው ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ከቀለሃ ዶቃ እየሠሩ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴቶች አሉ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በጭሱ ግን ልክ ነዎት፤ ይህን ክፍል ለልጅዎ ያንብቡላት። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ናስ ለመቅለጥ የሚፈልገው ሙቀትም እዚያው አካባቢ ነው። ትንሽ ሙቀት ሲበዛ ነጭ ጭስ ይትጎለጎላል፤ ያንን የተነፈሰ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ወባ የያዘው ይመስለዋል። «ወተት ጠጪበት» የሚሏትን አትስማ፤ ወተት ሳንባ አይገባም። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ነፋሱ ከጀርባ እየመጣ፣ ነጭ ጭስ ሲታይም እሳቱን በመቀነስ ነው የሚሠራው። የቧንቧ ራሱን ጨርሶ ትተወው፤ በመጋዝና በሞረድ በቀላሉ እንዲሠራ ተብሎ እርሳስ የተጨመረበት ናስ ብዙ ጊዜ አለው፣ እርሱ ደግሞ መርዝ ነው፤ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል አይደለም። ቀለሃው 70 በመቶ ገደማ መዳብ፣ የቀረው ዚንክ ነው፤ ይሻላል፤ ግን እያንዳንዱ ባዶና የተተኮሰ መሆኑን፣ ቂጡ ላይ ያለው ቆብም መመታቱን በዓይኗ ሳታይ አንዱንም እሳት ውስጥ አትጣል። ያልተተኮሰ አንድ ከተገኘ ለፖሊስ ነው የሚሰጠው።

ልጅቷ የምትሠራውን ዓሣ ግን ላኩልኝ፤ ማየት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ። አያቴ ምጽዋ ነው የተወለዱት። የማርያ ቴሬዛ ብር የተሰካበት የአንገት ጌጣቸው ደርሶኛል። አቅልጬ ለመታሰቢያቸው የዓሣ ማንጠልጠያ ላሠራው?

መልስ፦ አታቅልጪው። ከምኒልክ ዘመን በፊትም በኋላም ስንት የማርያ ቴሬዛ ብር ለአምባርና ለመስቀል እንደቀለጠ እኛ አንጥረኞች እናውቃለን፤ የቀረው ይቅር። እያንዳንዱ ወደ 28 ግራም ይመዝናል፣ 83.3 በመቶው ብር ነው። የቀረው በአብዛኛው መዳብ ስለሆነ ከዛሬው 925 ብር ቶሎ ይጠቁራል። ሁሉም ላይ 1780 የሚል ታገኛለሽ፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ስለሞቱ በኋላ የተመቱትም ያንኑ ቁጥር ይዘው ነው የወጡት። ጠርዙን በማጉያ መነጽር እይው፤ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ካለ መልካም ነው፤ ለስላሳ ወይም የሟሟ ከሆነ በሻጋታ የተሠራ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል።

ዓሣውን ከአዲስ ብር አሠሪ፤ ከላይ ለባሕር ዳሩ ልጅ በነገርኩት አጥንት ብታሠሪው ደግሞ ለምጽዋ ልጅ የሚገባ ነው። ክብደቱ ከ15 ግራም አይብለጥ፤ ማንጠልጠያ ቀለበቱ ተበይዶ የተዘጋ ይሁን፤ ከአያትሽ ጌጥ ጋር በአንድ ክር አትሰኪው፤ ሲጋጩ ይፋፋቃሉ።