መልስ፦ በአል ዛኺራ ማንግሮቭ ውስጥ ስለጠፋዎት ጂኦካሽ

ሦስት ጊዜ ኳታር አል ዛኺራ ድረስ ሄደው፣ በማንግሮቩ (በባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ ውስጥ በሚበቅለው የዛፍ ደን) ውስጥ ያጡትን ጂኦካሽ፣ ማለትም ሌሎች በጂፒኤስ ፈልገው እንዲያገኙት የተደበቀውን ሳጥን፣ ጭቃው ላይ ሳይሆን ውኃው ሲሞላ ከሚደርስበት ልክ በላይ ባሉት ቅርንጫፎች ላይ ይፈልጉት፤ ጂፒኤሱ «ደርሰዋል» ቢልዎትም በጥቅጥቅ ቅጠል ሥር በብዙ ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል፣ በዙሪያው ያሉትን ዛፎች አንድ በአንድ ማየት ይኖርብዎታል። የውኃው ልክ ግንዱ ላይ ከደረቀው ጭቃ ይታወቃል፤ ከዚያ በታች ሳጥን የሚያስር ሰው ካለ ጀማሪ ነው።

የባሕሩን የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ አይተው ውኃው ገና እየወረደ ሳለ ይግቡ። ሰዓቱ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የትናንቱን ለዛሬ አይጠቀሙበት። ከጭቃው ቀጥ ብለው የወጡት እርሳስ መሳይ ነገሮች ዛፉ የሚተነፍስባቸው ሥሮች ስለሆኑ አይርገጧቸው።

እኔ ስገባ ቁርጭምጭሚቴን ብቻ ያረጠበኝ ቦይ ስመለስ ወገቤ ደርሶ ነበር፤ ስለዚህ ሳጥኑ ተገኘም አልተገኘ፣ ውኃው መመለስ ሲጀምር ይውጡ።