መሪ ሳጥፍ «ቋ!» የምትለዋ ቪትዝ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ዓምድዎን ሁሌ ነው የማነበው። 2003 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፣ የምኖረው ሃያት ነው፣ ከኮንዶሚኒየማችን በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ኮብልስቶን ነው እሱም ቦታ ቦታው ተነቃቅሏል። ከሁለት ወር ወዲህ ከግቢ ወጥቼ ወደ ግራ ስታጠፍ ከፊት በቀኝ በኩል አንድ ጊዜ «ቋ!» ይላል፣ አንዳንዴ መሪውን ስመልሰውም ይደግመዋል፣ አስፋልት ላይ ቀጥ ብዬ ስነዳ ግን ምንም የለም። ሰፈር ያለ ጋራዥ ሳሳያት መካኒኩ ክሪክ እንኳን ሳያስገባ መሪውን ሁለቴ ወዘወዘና «የመሪ ሳጥኑ አልቋል፣ ሙሉውን ነው የሚቀየረው» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ። ልቀይረው ወይስ ዝም ብዬ ልንዳት?

መልስ፦ ወንድሜ ሁለቱንም አታድርግ። የመሪ ሳጥን አያልቅም እያልኩህ አይደለም፣ ያልቃል፣ ግን መኪና ሳይነሳ ሥሩ ሳይገባ መሪ በመወዝወዝ ብቻ አልቋል የሚባል ነገር አይደለም። እዛው ፊት እግሯ ላይ ከሱ በብዙ የሚረክሱ «ቋ» የሚሉ ዕቃዎች ሞልተዋል። አንደኛ ነገር የጎማውን ዳዶዎች በቁልፍ ሞክራቸው፣ አትሳቅ፣ ጎማ ያስነፋ ያስለጠፈ ሰው ሁሉ ዳዶ በደንብ ይጠብቅለታል ማለት አይደለም።

ከዛ ድምጹን እንለየው። ሰፊ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፈህ ቀስ ብለህ ነዳጅ እየሰጠህ በክብ ዙር፣ በግራም በቀኝም። ጠጠር እንደሚቆረጥም ሰው ቀጭ ቀጭ ቀጭ ካለና ስትፈጥን አብሮህ ከፈጠነ የውጪው ሲቪ ጆይንት ነው፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መታጠፊያ ማለት ነው። ውስጡ ግራሶ ውስጥ የተነከሩ 6 የብረት ኳሶች አሉ፣ የሚሸፍናቸው የተጨማደደ ጎማ ሲቀደድ ግራሶው ይረጫል በምትኩ አቧራና ጭቃ ይገባል፣ ኳሶቹ የሚሄዱበት ቦይም እየተበላ ይሄዳል። ይሄን ለማየት መካኒክ አትፈልግም፣ መሪውን አጥፈህ ከጎማው ጀርባ የእጅ ባትሪ አብራ፣ የቸርኬው ውስጠኛ ፊት ላይ ጥቁር ግራሶ ተረጭቶ ካየህ አገኘኸው ማለት ነው። ያንቺዋ፣ ይቅርታ ያንተዋ ግን (ከመኪናዋ ጋር ማውራት ጀመርኩ) አንዴ ብቻ ነው የምትለው ስላልክ እኔ እሱን ብዙም አልጠረጥርም።

ቀጥሎ መኪናዋ ቆማ ሞተር እየሰራ ሰው መሪውን ቀስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ያዙርልህ፣ አንተ ጎማው በላይ ባለው ክፍተት እጅህን በሞላው ውጪ አስደግፍ፣ ጣትህን ቀለበቶቹ መሃል እንዳታስገባ አደራ። ሞላው አብሮ መዞር ሲገባው ታንቆ ይቆይና ድንገት ዘሎ እጅህን ከመታህ የሾኩ አናት ላይ ያለችው ኩሽኔታ ደርቃለች። እኔ ራሴ በዚች ነገር ተሸውጃለሁ። ኮሮላዬ ሾክ ተቀይሮላት በሳምንቷ ቋ ማለት ጀመረች፣ ሲቪ ጆይንት ነው ብዬ ሙሉውን ሲሚያስ (ጆይንቱ ያለበትን ዘንግ) ገዝቼ አስገጠምኩ፣ ድምጹ ግን እንዳለ ነው። ለካ የሾኩን አናት የሚይዘውን ዳዶ ሳያጠብቁት ነው የሰጡኝ። ግማሽ ዙር ብታዞረው ጸጥ። ሲሚያሱ እስካሁን ቤት ተቀምጧል ባለቤቴ ባየችው ቁጥር ትስቅብኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪዬ፣ ስታቢላይዘር ሊንክ። ግራና ቀኙን እግር የሚያገናኝ አንድ ዘንግ አለ፣ ሊንክ ማለት ዘንጉን ከሾኩ ጋር የምታያይዘው ጫፎቿ ላይ ኳስ ያላት ቀጭን ብረት ናት። ከግቢ በር እየታጠፍክ በሰያፍ ስትወጣ አንዱ ጎማ ኮብልስቶን ላይ ይወጣል ሌላው ጉድጓድ ይወርዳል፣ ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ ኳሷ ከሰፋች ያኔ ነው ቋ የምትለው። አስፋልት ላይ ቀጥ ስትል ዝም ያለችውም ለዛ ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው፣ ሁለቱንም ሊንኮች ፈትተህ አውጣና ያንኑ መንገድ በቀስታ ሂድበት፣ ድምጹ ከጠፋ እሷ ናት። ያለ ሊንክ መኪናዋ ስትታጠፍ ስለምትንጋለል ግን ከሰፈር አትውጣ።

ስትፈታ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች እኩል አንሳ፣ የኋላዎቹ ሥር ድንጋይ አድርግ፣ በክሪክ ብቻ ተማምነህ ሥሯ አትግባ መደገፊያ ይኑራት። አንዱን ጎማ ብቻ ካነሳህ ዘንጉ ተወጥሮ ሊንኳ አልወጣም ብላ ታስለቅስሃለች። ዳዶውን ስታዞር ብሎኑ አብሮ ከዞረ ጫፉ ላይ የብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ቀዳዳ አለው፣ በብሩጎላ ይዘህ ዳዶውን በቁልፍ ፍታ።

እግረ መንገድህን ጎማዎቹ እንደተነሱ አንዱን ከላይና ከታች ይዘህ አወዛውዝ፣ ከዛ ግራና ቀኙን ይዘህ። ከላይ ከታች ከተንቀሳቀሰ ቦልጆይንት (የጎማውን እግር ከታች የሚይዘው ኳስ) ወይ የጎማ ኩሽኔታ ነው፣ ግራ ቀኝ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቴስቲና ነው፣ ጎማውን ከመሪ ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ። ሊንክ ብትጮህም ብታስጠላም መንገድ ላይ አትጥልህም፣ ቦልጆይንት ከወለቀ ግን ጎማው እየነዳህ እያለ ታጥፎ ይተኛል፣ እሱን ካገኘህ ወደ ጋራዥ ነድተሃት አትሂድ አስጎትታት።

ቴስቲና ወይ ሾክ ከተነካ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ማስያዝ አለብህ፣ ለሊንክ አያስፈልግም። ሊንክ ከሆነች አሮጌዋን በእጅህ ይዘህ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሂድ፣ ቪትዝ ስላልካቸው ብቻ የሚሰጡህ ቁመቷ ላይገጥም ይችላል፣ ጎን ለጎን አስተያይተህ ግዛ፣ ስትገዛም የግራና የቀኙን አንድ ላይ።