በእጅ ሲያስነሱት የሚሠራ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የማይነሳ ሰርቪስ

ኮምቦልቻ ያለኸው ወንድማችን፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ለሱቁ የሽያጭ ፕሮግራም ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ማስነሻ ስክሪፕት ጽፈሃል። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው፣ እዚያው ማሽን ላይ። በእጅህ ስታስነሳው ይሠራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ማሽኑ ይነሳል፣ ፕሮግራሙ አይነሳም። አብሽር፤ እዚህ ደሴ በምከታተላቸው ሰርቨሮች ላይም ደጋግሜ የማየው ችግር ነው።

መጀመሪያ ስክሪፕቱን መነካካት አቁም። ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ሰርቪስ "ኢነብል" መደረጉን እይ። "ስታርት" ለአሁን ብቻ ነው፤ ለሚቀጥለው ቡት (ማሽኑ ሲነሳ) የሚያስመዘግበው "ኢነብል" ነው። ከዚያ ጆርናልሲቲኤልን (ሎጉን፣ ማለትም የክንውን መዝገቡን የሚያሳየውን ትእዛዝ) በሰርቪሱ ስም ክፈትና መብራት ከመጣ በኋላ የተጻፈውን በሙሉ አንብብ። ሎግ ሳያዩ መገመት ጊዜ ማባከን ነው።

ሎጉ ላይ 203 የሚል ቁጥር ካየህ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳውና የሚቆጣጠረው ፕሮግራም) የስክሪፕቱን ፋይል ማስኬድ አልቻለም ማለት ነው። ፋይሉ የመሄድ ፈቃድ እንዳለው እይ። ፋይሉ ቦታው ላይ እያለ "ኖ ሳች ፋይል" ካለህ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ ተጽፎ በፍላሽ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ይጨምራል፤ ሊኑክስ ምልክቱን ከ"ባሽ" ስም ጋር ቀጥሎ ያነበውና የሌለ ፕሮግራም ይፈልጋል። "ዶስቱዩኒክስ" የሚባለው ትእዛዝ ያጸዳዋል።

ተነስቶ ወዲያው ከሞተ የስክሪፕቱን የመጨረሻ መስመር እይ። ብዙ ሰው ከጀርባ ይሥራ ብሎ አምፐርሳንድ (&) ይጨምራል። ስክሪፕቱ ሲወጣ ሲስተምዲ ሥራው አለቀ ብሎ ከጀርባ የቀረውንም ይገድለዋል። ምልክቱን አጥፋና ከፕሮግራሙ ስም በፊት "ኤግዜክ" ጻፍ፤ ያኔ ፕሮግራሙ የስክሪፕቱን ቦታ ይይዛል።

የአንተን ግን የምጠረጥረው ሌላ ቦታ ነው። አንተ በእጅህ የምታስነሳው ዳታቤዙ ከተነሳ ቆይቶ ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ማይኤስኪውኤል በወጉ ሳይዘጋ ይቆረጣል። ሲመለስ መረጃውን እስኪያስተካክል ጊዜ ይወስድበታል። ፕሮግራምህ ቀድሞ ይደርስና ዳታቤዙን ሲያጣ ይወድቃል። ሲወድቅ ድጋሚ እንዲነሳ ብታዘውም፣ የሲስተምዲ መነሻ ገደብ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ነው። በሙከራዎቹ መሃል ያለው እረፍት ከ1 ሰከንድ በጣም ያንሳል፤ አምስቱም ቶሎ ያልቃሉ፣ ከዚያ ይተወዋል። ሎጉ ላይ "ሪፒትድ ቱ ኩዊክሊ" የሚል ካገኘህ ነገሩ ይኸው ነው።

ዩኒት ፋይሉ (የሰርቪስህ ማዘዣ የተጻፈበት ፋይል) ላይ የማይኤስኪውኤልን ሰርቪስ "አፍተር"ም "ዋንትስ"ም ውስጥ ጻፈው። "አፍተር" ተራ ብቻ ነው የሚያስይዘው፤ "አብረህ አስነሳልኝ" የሚለው "ዋንትስ" ነው። "ሪስታርት" የሚለውን "ኦልዌይስ"፣ "ሪስታርትሴክ"ን (በሙከራዎቹ መሃል ያለውን እረፍት በሰከንድ) 10 አድርግ። እንዲህ ከሆነ ገደቡ አይነካህም፣ ዳታቤዙ እስኪደርስ ይሞክራል። ፋይሉን ከለወጥክ በኋላ ሲስተምዲ ድጋሚ እንዲያነበው "ዴሞን ሪሎድ" የግድ ነው።

አደራ፣ ሶኬት ነቅለህ አትሞክር፤ የደንበኛው መረጃ ነው። በወጉ ሪቡት አድርግና ሎጉን ድጋሚ እይ። አሁንም ካልተነሳ ዩኒት ፋይሉንና ሎጉን እዚህ ለጥፍልን፤ የዳታቤዙን ፓስወርድ ግን አስቀድመህ አጥፋው።