ለሰባተኛ ክፍል ምን ላንብብላቸው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህርት። አምድዎን ሁሌ አነባለሁ። ደሴ አካባቢ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሰባተኛ ክፍል ውስጥ 68 ልጆች አሉኝ። መማሪያ መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነው። ቤተ መጻሕፍት አለን፤ ግን ሁሌ እንደተቆለፈ ነው። ስለዚህ የማነበው በስልኬ ነው። እርስዎ በስልክዎ ምን ያነባሉ? ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ማስተማር፣ በተለይ ስለ ፍትሕና እኩልነት የወደዱትን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ለልጆቹም ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ግን ፖለቲካ ነው እንዳይሉኝ እፈራለሁ።
መምህር ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ «አንተ» ብልህ አትቀየመኝም አይደል? የመጀመሪያ ልጄ እኩያ ሳትሆን አትቀርም።

ከፍርሃትህ ልጀምር። «ፍትሕ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ አትጻፈው። እኔ በ26 ዓመት ውስጥ አንዴ ጽፌው ነበር። ክፍሉ በሙሉ ትርጉሙን ገለበጠ፣ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበት፣ ደወል ሲደወል ወጣ። በቃ።

በስልኬ ካገኘሁት ሁሉ አንዱን ምረጪ ብባል፣ የናይጄሪያዊቷን ደራሲ የቺማማንዳ አዲቼን ንግግር እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ያደረገችው ነው፤ 20 ደቂቃ አይሞላም። ጽሑፉም ስላለ ማንበብ ትችላለህ። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ አገር አንድ ወሬ ብቻ ሰምቶ መቅረት ምን እንደሚያደርገን ነው የምትናገረው። እኔን የያዘኝ ግን ስለ ቤት ሠራተኛቸው ያወራችው ነው። ስምንት ዓመት ሲሆናት ፊዴ የሚባል ልጅ ከገጠር ለሥራ መጣ። እናቷ ስለ ልጁ የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤተሰቦቹ በጣም ድሆች ናቸው። አንድ ቅዳሜ መንደሩ ሄዱ። የፊዴ እናት አንድ የሚያምር፣ በቀለም የተሠራ ቅርጫት አሳየቻቸው። የሠራው የፊዴ ወንድም ነበር። ትንሿ ቺማማንዳ ደነገጠች። እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር መሥራት ይችላሉ ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ይህን የሰማሁት የማታ ክፍል በማስተምርበት ጊዜ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። የእራቱን ወጥ ሠርተው፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተቱ፣ እየሮጡ ነው የሚደርሱት። አንድ ቀን ሰዋስዉን ተውኩትና የፊዴን ነገር በአማርኛ አወራኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ኋላ የምትቀመጥ፣ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ፣ «እኔም አገሬ ስፌት እሰፋ ነበር» አለች። «በአለላ። ሰፌድም፣ ሙዳይም። እዚህ ቤት ሁለት ዓመቴ ነው፤ የጠየቀኝ የለም።» ሌላዋ የሠርግ ዘፈን አውጪ ነበርኩ ብላ ተነሳች። ያን ማታ «ሰዎች የማያውቁልኝ ነገር» ብላችሁ ጻፉ አልኳቸው። ሁለት መስመር ለመጻፍ የሚያለቅሱ ልጆች ተጨማሪ ወረቀት ጠየቁኝ።

ቤቴ ስገባ ደግሞ ሌላ ጉድ። እኔም ሠራተኛ ነበረችኝ። ከየትኛው ወረዳ እንደመጣች አላውቅም ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ጠየቅኳት። «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይቀላል።

ሁለተኛው በጣም አጭር ጽሑፍ ነው። ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የምትባል አሜሪካዊት ጥቁር ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 የጻፈችው። መጽሐፍ መስኮት ነው ትላለች፤ የሌላውን ኑሮ ያሳያል። ብርሃኑ ሲስተካከል ግን ያው መስኮት መስታወት ይሆንና የራስህን መልክ መልሶ ያሳይሃል። እሷ የምታወራው ስለ አሜሪካ የልጆች መጻሕፍት ነው። ጥቁር ልጆች መልካቸውን የሚያዩበት አጡ፤ ነጮቹም የራሳቸውን ብቻ እያዩ አደጉ፣ እነሱም ተጎዱ ነው ነገሩ። ለእኛ ምን ያደርግልናል እንዳትል። ከ68ቱ መካከል ከአያቱ ጋር የሚኖር፣ ከትምህርት በኋላ ጫማ የሚጠርግ፣ አፉን የፈታው በሌላ ቋንቋ የሆነ ልጅ ይኖራል። እስኪ በዚህ ሳምንት በምታስነብባቸው ምንባብ ውስጥ ፈልጋቸው።

ሰው ሁሉ የሚጠራው የብራዚሉን ፓውሎ ፍሬሬን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አንጊኮስ በምትባል ከተማ ማንበብ የማይችሉ ሠራተኞችን በጥቂት ሳምንታት ያስነበበ፣ በዓመቱ ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ የታሰረ፣ ከዚያም የተሰደደ ሰው ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ መጽሐፉ ከብዶኝ ግማሹ ላይ ነው የተውኩት። አንድ ሐሳቡ ግን አልለቀቀኝም። ተማሪውን እንደ ሙዳየ ምጽዋት ነው የያዝነው ይላል በእኛ ቋንቋ ስመልሰው። መምህሩ ይጨምራል፣ ልጁ አፉን ከፍቶ ይቀበላል። (የቅኔ ቤት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቁ ይሆናል። እነሱ ዘንድ ተማሪው ሜዳ ወርዶ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል።) እኔ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ትንሽ ነገር ነው። ማንን «ተነሥና አንብብ» እንደምል ለአንድ ሳምንት በደብተሬ ጭረት እያደረግኩ ቆጠርኩ። ከ61 ተማሪ ያስነበብኩት ያንኑ ዘጠኝ ልጅ ነበር። ስድስቱ የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ። አንተም ቁጠር። ይህ ማንንም አያስከፋም፤ ፖለቲካ ነው የሚልህም የለም።

ለልጆቹ ምን ላንብብ ላልከው፣ ሩቅ አትሂድ። «ፍቅር እስከ መቃብር» አለልህ። 1958 ዓ.ም. የታተመ ቢሆንም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው በስልክ ይገኛል። እኔ ልብስ እያጠብኩ ነው የምሰማው። ለሰባተኛ ክፍል ሙሉውን አትሞክረው። ጉዱ ካሳ የሚናገርበትን አንድ ገጽ ብቻ ምረጥ። ከዚያ «ይህን ሰውዬ ለምን እብድ አሉት?» ብለህ ጠይቅና ዝም በል። ዝምታው ያስጨንቅሃል። አንተ አትሙላው። በዛብህም እኮ ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ነው ወደ ቤቱ የገባው። ሙያው እንደኛ ነው፤ ጣጣው ግን የባሰ ነበር።

ቀለል ያለ ካማረህ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለውን ተመልከት። ከደቡብ አፍሪካ የተነሣ ሥራ ነው፤ በአማርኛም አጫጭር የልጆች ታሪኮች አሉት። ማተምም መተርጎምም ይፈቀዳል። ለሰባተኛ ክፍል ትንሽ የሕፃን ሊመስል ይችላል። ግን ትልልቆቹ ለአንደኛ ክፍሎች እንዲያነቡላቸው አድርግ፤ ያኔ ማንም አያፍርም። የሌሊት ጥቅል ግዛና አንዴ አውርደው።

አሁን ወደ ቁልፉ። እኔም ያስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት እንደዚያው ነበር። መጻሕፍቱ እንዳይቀደዱ ተብሎ ተቆልፎባቸው አይጥ ይበላቸው ነበር። አትጣላ። ይከፈት ብለህ ደብዳቤም አትጻፍ፤ ጽፌ አይቼዋለሁ። «12 መጽሐፍ በስሜ ፈርሜ ልውሰድ» ብለህ ጠይቅ። በፊርማ ሲሆን ኃላፊነቱ ያንተ ስለሆነ ይሰጡሃል። እኔ በኩርቱ ፌስታል ይዣቸው ወጣሁ፣ አርብ አርብ ለልጆቹ አዞርኳቸው። በዓመቱ መጨረሻ 11 መለስኩ። የአንዱን ከደሞዜ ከፈልኩ። ማን ዘንድ እንደቀረ አውቃለሁ፤ አልጠየቅኳትም።