የላፕቶፕ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ፦ ስለ ሲሞስ ባትሪ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ያገለገለ ዴል ላቲቲዩድ ኢ6430 ገዝቻለሁ። ዋናው ባትሪ ሞቷል፤ የምሠራው በቻርጀር ነው። ማታ ነቅዬው ካደረ ጠዋት ላይ ቀንና ሰዓት አልተሞላም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣና ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2 እንድጫን ይጠይቀኛል። ብሮውዘሩም ብዙ ድረ ገጾችን «አስተማማኝ አይደለም» እያለ አይከፍትልኝም። አንድ ጠጋኝ ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ በጻፉልን ውስጥ ማዘርቦርድ የሚያስቀይር ነገር አላየንም። ያለቀው ሲሞስ ባትሪው ነው፤ ይህም ላፕቶፑ ኃይል ሲያጣ ሰዓቱን የሚያስቆጥር ትንሽ ክብ ባትሪ ነው። ላፕቶፑ ቢጠፋም ሰዓት የሚቆጥረው ክፍል መሥራቱን አያቆምም። ቻርጀር ከተሰካ ወይም ዋናው ባትሪ ደህና ከሆነ ኃይሉን ከዚያ ያገኛል፤ ሁለቱም ከሌሉ ግን ሸክሙ በሙሉ ትንሿ ክብ ባትሪ ላይ ይወድቃል። የእርስዎ ዋና ባትሪ ስለሞተ፣ ቻርጀሩ በተነቀለና መብራት በጠፋ ቁጥር የምትሠራው እሷ ብቻ ናት። የብሮውዘሩም ችግር ከዚሁ የመጣ ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚያሳየው ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫ) የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ኮምፒውተርዎ ዓመታት ወደ ኋላ ስለሄደ ሰርተፊኬቱ ገና ያልጸና ይመስለዋል። (ሌኖቮ ቲንክፓድ ያላቸው አንባቢዎች 0271 ወይም 0251፣ ኤችፒ ያላቸው ደግሞ 502 የሚል ቁጥር ካዩ ነገሩ ያው ነው።)

ከመክፈትዎ በፊት ኤፍ 2 ተጭነው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ይግቡና ስለ ቡት (ስለ አነሣሡ) እና ስለ ሳታ (ስለ ዲስኩ ግንኙነት) የሚናገሩትን ገጾች በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ የማስመለሻ ቁልፉን ጽፈው ይያዙ፤ ባዮሱ ሲለወጥ ሊጠይቅዎት ይችላል። ከዚያ ላፕቶፑን ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ዋናውን ባትሪ ያውጡ፤ የቀረው ኃይል እንዲፈስ የማብሪያ ቁልፉን ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይቆዩ።

በኢ6430 ላይ የታችኛውን ክዳን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትተው ክዳኑን ሲያነሡ ባትሪዋን ያገኟታል። በፕላስቲክ ተጠቅልላለች፤ ቀይና ጥቁር ሽቦ ወጥቶላት በትንሽ ሶኬት ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክታለች። ብዙ አሮጌ ቲንክፓዶች ላይ ግን ኪቦርዱንና መዳፍ የሚያርፍበትን ክፍል ማንሣት ያስፈልጋል።

አደጋው ያለው ሶኬቷ ላይ ነው። ሽቦውን ይዘው ከጎተቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሶኬት ከነመዳቡ ተላጦ ሊነሣ ይችላል፤ ያኔ የባትሪ መቀየር ሥራ ወደ ማይክሮስኮፕ ሥራ ይለወጣል። ሽቦው ጫፍ ላይ ያለውን ፕላስቲክ በጥፍርዎ ግራና ቀኙን ይዘው በትንሹ እያወዛወዙ ያውጡት። ባትሪዋ በሁለት ጎን ፕላስተር ስለምትጣበቅ በፕላስቲክ ነገር ቀስ ብለው ያንሷት። የብረት ወረንጦ ሁለቱን ወገን ካገናኘ ባትሪዋን ሾርት ያደርጋል።

አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ያወጧትን በቴስተር ይለኩ። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ ያድርጉና ጫፎቹን በባትሪዋ ሽቦ ሶኬት ሁለት ቀዳዳ ያስነኩ። አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ዓይነት ባትሪ ዕድሜውን በሙሉ 3 ቮልት አካባቢ ቆይቶ መጨረሻው ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ፣ 2.8 ካሳየ «ገና ነው» ብለው መልሰው አይግጠሙት።

የሚገዙት ሽቦና ሶኬት ያለው ሲአር 2032 ነው፤ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን፣ የሶኬቱን አንድ ዓይነት ፊት ወደ ላይ አድርገው ያስተያዩ፤ ቀዩ ሽቦ በአንድ ወገን መሆን አለበት። በዚህ ላይ ሁሉም አምራች የተስማማበት ደንብ ስለሌለ ተገልብጦ የሚመጣ አለ። ከተገለበጠ የሶኬቱን ትንሽ ምላስ በመርፌ ጫን አድርገው ሁለቱን ፒኖች ያውጡና ቦታ ያቀያይሯቸው።

ባለ ሽቦው ካልተገኘ፣ ከፋብሪካ የብረት ጆሮ የተበየደለትን ፈልገው የአሮጌውን ሽቦ ጆሮው ላይ ያስበይዱ። ባትሪው አካል ላይ ግን ፈጽሞ አይበየድም፤ ሙቀቱ ውስጡን ያበላሸዋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ሽቦውን በፕላስተር ብቻ አጣብቆ መግጠምም አይበጅም፤ የላፕቶፑ ሙቀት ሙጫውን ያላላውና ሰዓቱ እንደገና መጥፋት ይጀምራል።

ሲጨርሱ ባዮስ ውስጥ የሚሞሉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከቀኑ 7፡30 ከሆነ 13፡30 ብለው ይሙሉ። የእኛን ዓመት ካስገቡ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀርና ብሮውዘሩ መልሶ ያስቸግርዎታል። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ያስተካክለዋል ብለውም አይተዉት፤ የግል ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ በራሱ አያርመውም። የሰዓት ክልሉ ናይሮቢ የሚለው ነው።

ይህ ባትሪ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ የሰዓቱ ክፍል 5 ማይክሮአምፔር ቢስብ እንኳ ለ5 ዓመት ያህል ይበቃል። አዲሱ በወር ውስጥ ካለቀ፣ ማዘርቦርዱን መጠርጠር ያኔ ነው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ከአሮጌ ላፕቶፔ ያወጣሁት ባትሪ ኤምኤል 1220 ይላል። ሰዓት ቤት ሲአር 1220 ሰጡኝ፤ ልኩ አንድ ነው። ልግጠመው?

መልስ፦ እባክዎ አይግጠሙት። ቁጥሩ የሚናገረው ልኩን ብቻ ነው፤ ዓይነቱን የሚናገሩት ፊደሎቹ ናቸው። ኤምኤል እና ቪኤል የሚሉት ቻርጅ የሚደረጉ ናቸው፤ ማዘርቦርዱም ቻርጅ ያደርጋቸዋል። ሲአር ቻርጅ አይደረግም፤ እዚያ ቦታ ከገባ ሊያብጥ፣ ሊፈስና ማዘርቦርዱን ሊበላ ይችላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ኤምኤል ካላገኙ ቦታውን ባዶ መተው ይሻላል።

አሮጌዋንም ጠረጴዛ ላይ አይተዉ። ሕፃን ከዋጣት በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ትችላለች። ተውጣለች ብለው ከጠረጠሩ ለማስመለስ ሳይሞክሩ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ያለቀች መስላ የምትታይ ባትሪም ይህን ጉዳት ታደርሳለች፤ ሁለቱን ፊት በፕላስተር ሸፍነው ከልጆች እጅ ያርቋት።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ባትሪውን ከቀየርኩ በኋላ ዊንዶውስ አልነሣ አለ፤ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ እንደገና ይጀምራል። ዲስኩ ተቃጠለ?

መልስ፦ ዲስክዎ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ባዮሱ ኃይል ሲያጣ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ተመልሶ ይሆናል። የሳታ አሠራሩ (ዲስኩ የሚነበብበት ስልት) ዊንዶውስ ሲጫን ኤኤችሲአይ (AHCI) ከነበረና አሁን ሬድ (RAID) ከሆነ ዊንዶውስ ዲስኩን ማንበብ ያቅተዋል። ወደ ነበረበት ይመልሱት። ካልነሣ ሌጋሲ እና ዩኢኤፍአይ የሚለውን ምርጫ (አሮጌውንና አዲሱን የአነሣሥ መንገድ) ይቀይሩ፤ አንድ በአንድ እየለወጡ ይሞክሩ እንጂ ፎርማት አያድርጉ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ሲሞስ ባትሪውን ባወጣ የባዮስ ፓስወርድ ይጠፋል?

መልስ፦ በአሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ይሠራ ነበር። ቲንክፓድን በመሳሰሉ ላፕቶፖች ላይ ግን የባለቤቱ ፓስወርድ ያለ ኃይል የሚያስቀምጥ ቺፕ ውስጥ ስለሚገኝ አይጠፋም። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ባዮሱ ያለ ፓስወርድ መከፈቱን ሻጩ ፊት ያረጋግጡ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ዊንዶውስና ኡቡንቱ አንድ ላፕቶፕ ላይ አሉኝ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስሸጋገር ሰዓቱ ልክ 3 ሰዓት ይዛነፋል። ባትሪው ነው?

መልስ፦ አይደለም። ባትሪ ሲደክም ሰዓቱ ይቆማል ወይም ወደ አሮጌ ቀን ይመለሳል፤ ልክ በ3 ሰዓት አይዛነፍም። ዊንዶውስ ባዮሱ ውስጥ ያለውን ሰዓት የአገሩ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፣ ኡቡንቱ ደግሞ የግሪንዊች ሰዓት አድርጎ፤ የእኛ ክልል ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማል። ኡቡንቱ የሃርድዌሩን ሰዓት እንደ አገር ሰዓት እንዲያነብ ያዝዙት፤ ባትሪውን አይንኩት።